መሪጌታው ወዴት ነቀነቁ?

ሞጣን ልጎብኝ ብዬ አልሄድኩም። ከድሬዳዋ ተነስቶ ሞጣን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው ካለ ቤተሰቦቹ ጠበል ይውሰዱት። እኔ የሄድኩት አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የነቀነቁት የሚለውን ለማጣራት ነው። እናንተ እዚያ እንደማትደርሱ ስለማውቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሽማግሌውን ስም አልጠራም፤ መሪጌታ ደግሞ በዚያ አገር ሞልቷል። የሌሎቹንም ስም ለውጫለሁ። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ያነበበ ይደርስበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ሱራፌል እናቱ ከሞተች ጀምሮ እኔ ያሳደግኩት ልጄ ነው። በላቦራቶሪ ባለሙያነት ሞጣ ተመደበና እዚያው መቅደስ የምትባል ልጅ ወደደ። አባቷ የታወቁ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሚስታቸው ሞታለች፣ ከመቅደስ ሌላ ልጅ የላቸውም። እሷም «አባቴ ከልባቸው እሺ ካላሉ አላገባህም» አለችው። ደግ አለች። እኛ ጎጃም ውስጥ ያለን ዘመድ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የቢቸናው አያ ሙላት ብቻ ነው። እሱን ሽማግሌ አድርገን ላክነው። ሁለት ሰው ጨምሮ ሄደ፣ ሲመለስም ደወለልኝ።

«እሺ፣ ምን አሉ?»

«ጠየቅናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ» አለኝ፤ ኔትወርኩም ጠፋ።

እኔ ምን ላድርግ? እልል አልኩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነኝና ለሙሽሪት የሚሆነውን ከላይኛው መደርደሪያ አውርጄ ለብቻው አስቀመጥኩ። ከቀናት በኋላ ስልኩ ሲሠራ «ሰርጉ መቼ ይሁን?» ብዬ ብጠይቀው አያ ሙላት ደነገጠ።

«ኧረ ምን ነክቶሽ ነው? ነቀነቁ አልኩሽ እንጂ እሺ አሉ መቼ አልኩሽ?»

«ታዲያ እምቢ አሉ?»

«እሱንም አላልኩም።»

አቦ! እስቲ ይኼ ምን የሚሉት ቋንቋ ነው? ጥርስ ይነቀነቃል፣ ችካል ይነቀነቃል፣ የወንበር እግር ይነቀነቃል፣ ራስም ይነቀነቃል። ላንድ እንጀራ ስንት ዓይነት ስም ያወጣ ሕዝብ እሺና እምቢን ባንድ ቃል ጠቅልሎ ተኛ። ሱራፌል በስልክ ድምፁ ሁሉ ተለወጠብኝ። ለመጪው ሳምንት ሌላ ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልክባት ነው ተብሎ ተወርቷል፤ እሱ ደግሞ እሺ ይሁን እምቢ ሳያውቅ ደጅ ደጁን ያያል። መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሰሞን ነበርና ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ተነሳሁ።

ሐሙስ

ከድሬ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ሁሉም ስለሚያውቀው አልደክምበትም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ከመኢሶ እስከ አዳማ ትከሻዬ ላይ ተኛና ሲነቃ «አልረበሽኩሽም አይደል?» አለኝ። ረብሸኸኛል አልኩት። እኛ ድሬ እንዲህ ነን፤ ለጠየቀ እንመልሳለን። አውቶቡስ ተራ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ያዝኩ። አንሶላው ከኔ በፊት ያደረውን ሰው ሽቶ አስተዋወቀኝ።

ዓርብ

የቢቸናው አውቶቡስ ሞልቶ ስለነበር እስከ ደጀን በሚሄደው ተሳፈርኩ። ስለ ዓባይ በረሃ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። የሚነገርለትን ግርማ ሞገስ አላየሁም፤ ያየሁት የፊተኛዬን ሴትዮ ማጅራት ነው፣ እሷም ሙሉውን ቁልቁለት በፌስታል ውስጥ ስታስመልስ ነበር። ሙቀቱ ግን አገሬን አስታወሰኝና ታች ድልድዩ አጠገብ ትንሽ ደስ አለኝ። ወዲያው ወደ ብርዱ ወጣን።

ደጀን ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሟል። ረዳቱን «ቢቸና ይሄዳል?» አልኩት። ቅንድቡን ሰቅሎ ራሱን ወደ ኋላ ጣል አደረገልኝ። እኔ የየመን አረቦች ጎረቤት ሆኜ ነው ያደግኩት፤ እኛ ሰፈር ራስህን ወደ ኋላ ጣል ካደረግክ «የለም፣ ሂድ ከዚህ» ማለት ነው። አመስግኜ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ሚኒባሱ ሞልቶ «ቢቸና! ቢቸና!» እየተባለ በፊቴ አለፈ።

ሻይ የምትሸጠው ሴት ሳቀች። «ውይ እትየ፣ ይሄዳል እኮ ነው ያለሽ!»

«በየት በኩል?»

«በራሱ ነዋ» አለች፤ እሷም ጣል አደረገችው።

ሌላ መኪና እስኪመጣ ድረስ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ሲበርደኝ አይታ የራሷን ጋቢ ደረበችልኝ፤ ለሁለተኛው ሻይም ሒሳብ አልቀበልም አለች። እምቢታዋን እንኳ ያወቅኩት ገንዘቡን መልሳ እጄ ውስጥ ስለወተፈችው ነው። ድሬ ላይ በረዶ በገንዘብ እንገዛለን፤ እዚህ አገር ግን በነፋስ ተጭኖ በነፃ ይመጣል።

ቢቸና ስደርስ አያ ሙላትና ሚስቱ እትየ ዓለምነሽ ከነጎረቤቶቻቸው ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። እኔን በወንበር አስቀምጠው እግሬን በሞቀ ውሃ አጠቡኝ። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ሰው እግሬን ሲያጥበኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ምን እንደምል ስለጠፋኝ ውሃው ፈላ ብዬ ተነጫነጭኩ። ከዚያ ሽሮ ቀረበ። እንጀራው እንደ ወረቀት ነጭ ነው፤ አልክድም፣ እንዲህ ያለ ጤፍ ድሬ በሕልማችንም አናየው። ግን ስጠግብ ራሴን ነቀነቅኩ፤ እትየ ዓለምነሽ እንጀራ ጨመረች። አሁንም ነቀነቅኩ፤ ወጥ ጨመረች። ጨዋ እንግዳ ሲግደረደር ራሱን ይነቀንቃል አሉ፤ ደግ አስተናጋጅም አይሰማውም። እጄን ትሪው ላይ ዘርግቼ «በቃኝ! ልፈነዳ ነው!» ብዬ ስጮህ እትየ ዓለምነሽ ደንግጣ ጭልፋዋን አስቀመጠች።

አያ ሙላትን «አንተ» ማለቴም አስደንግጧቸዋል። እዚያ አገር «አንተ» የሚባለው ለልጅና ለፈጣሪ ብቻ ነው። እሱ ግን «ተዉአት፣ ድሬ ናት» ብሎ አለፈኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሽማግሌዎቹን አስጠራሁ። ከአያ ሙላት ሌላ አቶ ደምሴ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪና አንድ ቄስ ናቸው። ሦስቱንም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ደረደርኳቸው።

«እስቲ መሪጌታው እንዴት እንደነቀነቁ አሳዩኝ።»

አያ ሙላት ቀስ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ። «እንዲህ ነው፤ ነገሩ ገብቷቸዋል።»

«ተው እንጂ!» አሉ አቶ ደምሴ፤ ከንፈራቸውን መጠው ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አወዛወዙ። «እንዲህ ነው። ልጃቸው ናትና አዘኑ።»

ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ወደ ትከሻቸው ዘንበል አደረጉና «ሁለታችሁም አላያችሁም። ያማረ ቅኔ እንደሰማ ሰው ነው የነቀነቁት። የኔ አነጋገር ጥሟቸው ነው» አሉ።

ደሜ ፈላ። ሦስት ሰው ሄዶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ሦስት ራስ ይዞ ተመለሰ! «ለመሆኑ ምን ብላችሁ ጠየቃችሁ?» አልኳቸው።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ወጉ በጭንቅ በሚሰማ ለስላሳ ድምፅ፣ «ከደጅዎ የበቀለችው ዘንባባ ከደጃችን ተተክላ ብታጠላልን ብለን መጣን አልናቸው» አሉ።

«ልጄ ሚስት ነው የጠየቀው፤ ችግኝ አይደለም!»

«እንዲህ ነው ወጉ፣ እትየ ዘነበች።»

«እሺ፣ ሲነቀንቁ ለምን እሺ ነው ወይስ እምቢ ብላችሁ አልደገማችሁም?»

ሦስቱም ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁብኝ። ይኼኛው ገብቶኛል፤ «ይቺ ሴት ያበደች ናት» ማለት ነው። «መሪጌታን ያህል ሰው አፍ አውጥቶ እሺ በል ይባላል እንዴ? ነውር ነው!» አለ አያ ሙላት።

«ልጅቱስ? እሷ አልሰማችም?»

«በሽማግሌ ፊት ልጅቱ ምን ትሠራለች? ገና ስንገባ ጎረቤት ሄደች» አሉ አቶ ደምሴ።

ከሰዓት እትየ ዓለምነሽ ቤት ይባቤ የሚባል ዲያቆን መጣ፤ ከመሪጌታው ዘንድ ቅኔ ተምሮ የተመለሰ ነው። እሱን ደግሞ ስለ መምህሩ ራስ ጠየቅኩት። ፊቱ በራ።

«የኔታ ለኔ ቅኔ አንዴ ነቅንቀውልኛል!» አለኝ።

«ምን ማለታቸው ነው?»

«ተቀበሉት ማለት ነው።» ትንሽ አሰበ። «ወይም አርመውታል።»

ስለ መቅደስ ስጠይቀው እንደ እህቱ አወራልኝ። «ጎበዝ ናት። ተማሪ ቅኔ ሲነግር ከየኔታ ጎን ቁጭ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል በጆሯቸው ሥር ደግማ ትላለች። ከአባቷ ልትማር ነው እኮ፤ ከሁላችንም በለጠችን።» ጎበዝ አልኩ በልቤ፤ በዚህ አገር ባፏ የምትናገር አንዲት ሴት ተገኘች።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ይዤ ወደ ሞጣ ተሳፈርን። ግንደወይን ሳንደርስ ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሠራል?» አልኩት፤ ነቀነቀ። «አይሠራም?» ስለው አሁንም ነቀነቀ። ተውኩት። በኋላ እንደገባኝ «ይቺን ጎማ የሸጠልኝን ሰው ቆይ ብቻ» እያለ ኖሯል፤ ዛቻም በዚያው ራስ ነው የሚነገረው። ክሪክ ልመና ሄዶ እስኪመለስ ከመንገዱ ዳር ካለች ጎጆ አንዲት ሴት ወጥታ በርጩማና ትኩስ የባቄላ ቆሎ አመጣችልን። ማን ናችሁ አላለችም፣ ወዴት ናችሁ አላለችም። እኔን ቆሎው ጥርሴን ሊያረግፈው ነበር፤ ግን በልቼ ጨረስኩት። ድሬ ላይ መኪና ቢበላሽብህ መጀመሪያ የሚመጣው ሰው የሚጠይቅህ የመኪናውን ዋጋ ነው።

ሞጣ ስንደርስ ሱራፌል መናኸሪያ ቆሞ ነበር። ልጄ ከስቷል፤ አንገቱ እንደ ሸንበቆ ቀጥኗል። አቅፌው «ትበላለህ?» ስለው እሱም ራሱን ነቀነቀ። አንተም ጀመርክ ብዬ በቦርሳዬ መታሁት። ከዚያ ግን አንጀቴ ስላልቻለ ይዤለት የመጣሁትን ፈጢራ እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ፈታሁለት። ሦስት ሌሊት አድሮ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል፤ በላው።

ሰኞ

አያ ሙላት መንገዱን ሙሉ መከረኝ። ድምፅሽን ዝቅ፣ ዓይንሽን ዝቅ፣ «አንቱ» በይ፣ ያንን «ወላሂ» የሚሉትን ነገር በምንም ተዓምር እንዳታወጪው። እሺ አልኩ፤ ባፌ።

መሪጌታው ቁርበት በተነጠፈበት መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፣ ነጭ ጥምጥም፣ ንጹሕ ጋቢ። መቅደስ አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ እኛ ስንገባ እጅ ነሳችና እንደ ወጉ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ከበሩ አጠገብ ተኮለኮሉ። እኔን እንግዳ ናት ብለው ከመሪጌታው ጎን መደቡ ላይ አስቀመጡኝ።

እንደተመከርኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የኔታ፣ ስለ ልጅዎ ጉዳይ ደጅዎ ድረስ መጥቻለሁ» አልኩ።

ነቀነቁ።

በዓይኔ በብረቱ አየሁት! እናም ወላሂ ወዴት እንደሆነ አላወቅኩም። ትንሽ ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ጎን፣ መጨረሻው ላይ ዘንበል። አያ ሙላት «አየሽ?» አለኝ፣ አቶ ደምሴም «አየሽ?» አሉ፣ ቄሱም «አየሽ?» አሉ። ሦስቱም ረቱ።

እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ሰውየው ዓይኔን አላዩም፤ አፌን ነበር የሚያዩት። ቀፊራ ጫጫታ መሃል ስንት ዘመን ሠርቻለሁ፤ ዋጋ ስነግረው ያልሰማኝ ደንበኛ አፌን እንዴት እንደሚያይ አውቃለሁ። ጠጋ አልኩና በዚያው በለሰለሰ ድምፅ፣ ከበሩ ማንም በማይሰማው፣ እንዲህ አልኳቸው፦

«የኔታ፣ ከድሬ እዚህ ድረስ የመጣሁት በአህያ ነው። መኪናውን የነዳችውም አህያዋ ናት።»

መሪጌታው በክብር ነቀነቁ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሳቄ አልመጣም።  የዲያቆኑ ወሬ ትዝ አለኝ፤ እያንዳንዱን ቃል በጆሯቸው ሥር የምትደግመዋ ልጅ። ለካ ልትማር አይደለም። ጆሯቸው ራሷ ናት። ሽማግሌ ሲገባ ደግሞ ወጉ ጆሯቸውን ይዞ ጎረቤት ይልካል። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ስለ ዘንባባ ሲያንሾካሹኩላቸው እኚህ ሰው አንዲት ቃል አልሰሙም፤ እንግዳ እንዳይከፋው ብለው ነቀነቁ። በዚያች ንቅነቃ እኔ እልል አልኩ፣ ልጄ ከሳ፣ ቢቸና ለሦስት ተከፈለች።

የቀፊራ ድምፄን አወጣሁት።

«የኔታ! መቅደስን! ለልጄ! ለሱራፌል ስጡኝ! ሚስት ትሁነው!»

አቶ ደምሴ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ቄሱ አማተቡ። አያ ሙላት «አዋረደችን!» አለ። መሪጌታው ግን ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ ሰው ስሙን ሲጠሩት የሚታየው ነገር ታየ።

«መቅደስን?» አሉ። «ማን ጠየቃት?»

«እኛ!»

ከበሩ አያ ሙላት በትሕትና «የኔታ፣ ባለፈው እኮ እኛ…» ሲል ወደሱ ዞረው ነቀነቁለት። ወደ በሩ ሸሸት አለ። እሱ የመሰለው የተቆጡት ነው።

መሪጌታው ልጃቸው የወጣችበትን በር አዩ። ልጅቷ ስትሄድ ምን አብሮ እንደሚሄድ በዚያ ቤት የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ያለሷ ተማሪው የሚነግረውን ቅኔ ማን ያሰማቸዋል? የማይሰማ የቅኔ መምህር የሚባል ነገር የለም። ያን ጊዜ እምቢ ቢሉ አልፈርድባቸውም ነበር።

«ጥሯት» አሉ።

መቅደስ ገባች፤ ሳትታዘዝ በቀጥታ ከጆሯቸው ሥር ሄዳ እጇን ትከሻቸው ላይ አኖረች። ሱራፌልም ከደጅ ተጠርቶ ከበሩ ቆመ። «ትወጅዋለሽ?» አሏት አባቷ። አንገቷን ደፋች።

«በአፍሽ!» አልኩ። ከበሩ ወገን አንድ ሰው ተነፈሰ፤ ግድ አልሰጠኝም። አንገት መድፋትም እንደ ንቅነቃው ሁለት ፍቺ አያጣም።

ልጅቷ ወደ አባቷ ጆሮ ጎንበስ አለች። ድምፅዋ የጠራ ነው። «እወደዋለሁ፣ አባባ። ግን ካንቱ ግቢ አልወጣም። እዚሁ ጥግ ላይ ጎጆ ይሥራልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። ወንድ ልጅ የሚስቱ አባት ግቢ ገብቶ ሊኖር! ምን ሊባል! ሦስቱም ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዙ፤ አንዴ እንኳ ተስማምተው።

«እገባለሁ» አለ ሱራፌል ከበሩ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ድሬ ያደገ ልጅ ነው። «ዛሬ ቢሉኝ ዛሬ እገባለሁ።»

«እናንተ መነቅነቃችሁን ቀጥሉ» አልኳቸው እነ አያ ሙላትን።

መሪጌታው መቅደስን አዩ፤ ልጄን አዩ። «እሺ» አሉ። በአፋቸው፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ አንዲት ንጹሕ እሺ። እኔ በቀብር እንኳ ዕንባዬ የማይመጣ ሴት ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩት። አያ ሙላት ወዲያው ወደ ቄሱ ዞሮ «እኔ አላልኩም? ወደ ላይና ወደ ታች ነበር!» አለ።

ጠላ ተጠጣ፣ ዶሮ ተበላ፣ የሰርጉ ቀን ተቆረጠ። ስንወጣ ሱራፌልና ሽማግሌዎቹ ከግቢው በር ላይ ቆመው እኔን ጠበቁ፤ ሁለት ተማሪዎችም ደብተራቸውን ታቅፈው እዚያው ተቀምጠዋል። መሪጌታው እጄን ያዙና ወደሳቸው ሳቡኝ።

«አውቀሽብኛል» አሉኝ በቀስታ። «ተማሪ ከተበተነብኝ ምን ሁኜ እኖራለሁ? ላንድም ሰው ስሜን አንስተሽ እንዳትነግሪብኝ፣ የኔ ልጅ።»

አፌን ከፈትኩ። እንዲሰሙኝ ከፈለግኩ መጮህ አለብኝ፤ ከጮህኩ ደግሞ በሩ ላይ ያለው ሁሉ ይሰማል። ከድሬ ጀምሮ ሰውን ሁሉ «ተናገር» እያልኩ የመጣሁት ሴትዮ እዚያ ግቢ መሃል ቃል አጣሁ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

ወዴት እንደነቀነቅኩ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። እሳቸው ግን አንዴ አዩኝና፣ ገብቷቸው፣ እጄን ለቀቁኝ።